የቀነሰው ክብደት ለምን ይመለሳል? የእንቅስቃሴና የእረፍት ድርሻ ሲመዘን

በስሌት እንጀምር። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ45 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ሲራመድ በግምት 240 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። ቁጭ ብሎም ቢሆን ያቃጥለው የነበረው 60 ከዚህ ላይ ይነሳል፤ የተጣራው 180 ነው። በሳምንት አምስት ቀን ቢራመድ 900 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ይይዛል። ስለዚህ አመጋገቡን ሳይነካ በእግሩ ብቻ አንድ ኪሎ ለመጣል ከስምንት ሳምንት በላይ ይፈጅበታል። ያውም ከጉዞው ሲመለስ ምንም ተጨማሪ ነገር ካልቀመሰ ነው።

ስፖርት የጀመረ ሰው በሁለተኛው ወር ጥሎት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና ይዞት አይደለም፤ ስፖርቱ ሊሰጠው የማይችለውን ነገር እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው የጀመረው። ክብደት መቀነስና የቀነሱትን ይዞ መቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በመጀመሪያው ሥራ ላይ ሚዛኑ የሚያደላው ወደ ምግብ መጠን ነው። በሁለተኛው ላይ ግን እንቅስቃሴ የሌለበት ሰው ብዙም አይዘልቅም። እንቅልፍና እረፍት በሁለቱም ውስጥ ትልቅ ቦታ ቢኖራቸውም በአብዛኛው ሰው ዕቅድ ውስጥ ስማቸው አይነሳም።

ሰውነት ሒሳቡን ሲያስተካክል

በ2012 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪው ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ በሰሜናዊ ታንዛኒያ እያደኑ፣ ሥራ ሥር እየቆፈሩና ማር እየቆረጡ የሚኖሩትን ሃድዛዎች ዕለታዊ የኃይል ወጪ የለኩበትን ጥናት አወጡ። ሃድዛዎች ቀኑን በእግራቸው ሲዞሩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የሰውነት ግዝፈት ታሳቢ ተደርጎ ሲነጻጸር ግን ወጪያቸው በምዕራቡ ዓለም ቁጭ ብለው ከሚሠሩት ብዙም የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ፖንትዘር ከዚህ ተነስቶ ያቀረበው ማብራሪያ፣ እንቅስቃሴ ሲበዛ ሰውነት ከሌላ ቦታ እየቆነጠረ ጠቅላላ ወጪውን በተወሰነ ጣሪያ ሥር ለማቆየት ይሞክራል የሚል ነው። ጣሪያው ምን ያህል ጥብቅ ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ገና ይከራከራሉ። ማካካሻው ግን በዓይንም ይታያል፦ ጠዋት አንድ ሰዓት የሮጠ ሰው ከሰዓት በኋላ ሶፋ ላይ ይዘረጋል፣ ደረጃውን ትቶ አሳንሰር ይጠብቃል፣ ማታ ገበታ ላይ ሲቀርብ ደግሞ «ዛሬስ ይገባኛል» ይላል።

ሌላው ማካካሻ የሚመጣው ክብደቱ ከወረደ በኋላ ነው። ተመራማሪው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2016 ባወጡት ስሌት፣ በቀነሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ልክ የሰውነት የኃይል ወጪ በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ ይወርዳል፤ የምግብ ፍላጎት ግን በቀን 100 ያህል ይጨምራል። አሥር ኪሎ የጣለ ሰው እንግዲህ በቀን ከ200 እስከ 300 ያነሰ እያቃጠለ፣ 1,000 ያህል ተጨማሪ የመብላት ግፊት ተሸክሞ ይኖራል። ክብደት የተመለሰበትን ሰው «ወኔ የለውም» ማለት ይህን ግፊት አለማወቅ ነው።

በአሜሪካ በአንድ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። በአማካይ ከጣሉት 58 ኪሎ ውስጥ 41ዱ ተመልሷል። በእረፍት ላይ የሚያቃጥሉት ኃይልም ለሰውነታቸው ከሚጠበቀው በቀን በ500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አንሶ ተገኘ። የሚገርመው፣ ክብደቱን በተሻለ የያዙት ሰዎች ሜታቦሊዝም (ሰውነት ኃይል የሚያቃጥልበት ፍጥነት) ከሌሎቹ ይበልጥ መቀዝቀዙ ነው። ታዲያ በምን ያዙት? በ2017 የታተመው ተከታይ ጥናት እንዳሳየው፣ ያልተመለሰባቸው ሰዎች እንቅስቃሴያቸውን ከመነሻው በ160 በመቶ ጨምረዋል፤ የተመለሰባቸው ግን በ34 በመቶ ብቻ። ተመራማሪዎቹ ይህን ወደ ደቂቃ ሲመነዝሩት በቀን 80 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 35 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ሆነ።

ሪና ዊንግና ጄምስ ሂል በ1994 የጀመሩት የአሜሪካ ብሔራዊ የክብደት ቁጥጥር መዝገብም ወደዚያው ያመለክታል። መዝገቡ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከዓመት በላይ ያቆዩ ሰዎችን ይከታተላል። ከአባላቱ 90 በመቶ ያህሉ በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ይንቀሳቀሳሉ። የተሳካላቸውን ብቻ የሚያይ መዝገብ በመሆኑ መንስኤና ውጤትን አይለይም፤ ነገር ግን ከሌላ አቅጣጫ ከመጡት ጥናቶች ጋር ይገጥማል።

አሁን ጉዳዩን ይበልጥ አንገብጋቢ ያደረጉት የክብደት መቀነሻ መርፌዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ሴማግሉታይድን ያቋረጡ የአንድ ጥናት ተሳታፊዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል። በዴንማርክ የተካሄደ ሌላ ሙከራ ደግሞ ሰዎች መጀመሪያ በአመጋገብ 13 ኪሎ ያህል ከቀነሱ በኋላ ለአንድ ዓመት ከፊሎቹን ሊራግሉታይድ የተባለ ሌላ መርፌ ብቻ፣ ከፊሎቹን ስፖርት ብቻ፣ ከፊሎቹን ሁለቱንም ሰጠ። ሁሉም ነገር ከቆመ ከዓመት በኋላ ሲለኩ፣ መድኃኒቱን ብቻ ሲወስዱ የነበሩት ስፖርት ብቻ ሲሠሩ ከነበሩት ይልቅ 6 ኪሎ ያህል የበለጠ ተመልሶባቸው ተገኘ። መድኃኒት ሲቆም ውጤቱ አብሮ ይቆማል፤ የለመዱት እንቅስቃሴ ግን ሐኪሙ ማዘዣ መጻፍ ሲያቆምም ሊቀጥል ይችላል።

ስንት ደቂቃ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይላል። ይህ ለአጠቃላይ ጤና ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2009 ክብደት እንዳይመለስ ለሚፈልግ ሰው በሳምንት ከ200 እስከ 300 ደቂቃ አስቀምጧል። በቀን ሲከፋፈል ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያለፈው መመሪያ «ቢያንስ 10 ደቂቃ ያልሞላ አይቆጠርም» ይል ነበር፤ የ2020ው ይህን አንስቶታል። ስለዚህ ጠዋት 12፣ ምሳ ሰዓት 10፣ ማታ 15 ደቂቃ ተደምሮ ይቆጠራል።

መካከለኛ የሚባለውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ ግን መዝፈን ካቃተዎት መካከለኛው ላይ ነዎት። ሦስት አራት ቃል ተናግረው ለትንፋሽ ማቆም ካስፈለገ ወደ ጠንካራው አልፈዋል። በቀን 10,000 እርምጃ የሚለው ቁጥርም ከሕክምና የመጣ አይደለም። በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ «ማንፖ ኬይ» ይባል ነበር፤ ትርጉሙ የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ ነው፤ ስሙ ሕግ ሆኖ ቀረ። አሁን 4,000 ለሚራመድ ሰው 6,000 ከበቂ በላይ የሆነ ቀጣይ ግብ ነው።

የጀማሪ ዋና ስህተት ፍጥነት ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሹ የተስተካከለ ሰው «ችያለሁ» ብሎ ከእግር ጉዞ ወደ ሶምሶማ ሲዘል በአምስተኛው ሳምንት ቅልጥሙ ወይም ተረከዙ ላይ ሕመም የሚይዘው ለዚህ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በ20 ደቂቃ መጀመር፣ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ አምስት ደቂቃ መጨመር፣ 45 ደቂቃ ሲደርሱ ከዚያ በኋላ ፍጥነት ወይም ዳገት መጨመር ይሻላል። ሦስቱን፣ ማለትም ርዝመትን፣ ፍጥነትንና ዳገትን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አብሮ መጨመር አይገባም።

ጡንቻ፦ ከተጋነነው ወሬ በስተጀርባ

«ጡንቻ ተኝተህም ስብ ያቃጥልልሃል» የሚለው ማስታወቂያ በቁጥር ሲታይ ይኮሰምናል። አንድ ኪሎ ጡንቻ በእረፍት ላይ በቀን 13 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈጃል፤ አንድ ኪሎ ስብ 4.5 ያህል። ለወራት ደክሞ ሁለት ኪሎ ጡንቻ የጨመረ ሰው በቀን 26 ኪሎ ካሎሪ አተረፈ። ይህ አንድ ጉርሻ አይሞላም።

የጡንቻ ሥራ ትርፍ ሌላ ቦታ ነው። ክብደት በአመጋገብ ብቻ ሲቀንስ ከሚጠፋው ውስጥ ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነ የሰውነት ክፍል ነው። በኋላ ክብደቱ ሲመለስ ደግሞ በአብዛኛው የሚመለሰው ስብ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ቀንሶ የጨመረ ሰው በአንድ ዓይነት ኪሎ ላይ ሆኖ ከበፊቱ የደከመ ሰውነት ይዞ ሊገኝ ይችላል። የደከመ ጉልበት ደግሞ ደረጃ መውጣትን፣ መራመድን፣ መቆምን ያስጠላል።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመካከላቸው ቢያንስ 48 ሰዓት አድርጎ፣ አምስት ዓይነት እንቅስቃሴ ይበቃል፦ ተቀምጦ መነሳት፣ መግፋት፣ መሳብ፣ ከዳሌ ጎንበስ ብሎ ማንሳት፣ ተሸክሞ መራመድ። መግፋቱ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ፣ ቀጥሎ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ በመጨረሻ ወለል ላይ ፑሽ አፕ ይሆናል። መሳቡ መጽሐፍ የተሞላ ቦርሳን ጎንበስ ብሎ ወደ ወገብ መሳብ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፤ ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ሦስት ዙር።

ተቀምጦ መነሳትን ጠጋ ብለን እንየው፤ ቀላል ስለሚመስል አብዛኛው ሰው ያበላሸዋል። ወንበሩ ጀርባው ግድግዳ ነክቶ እንዳይንሸራተት ይቀመጣል። እግር በትከሻ ስፋት፣ የእግር ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ ያያሉ። መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚሄደው ዳሌ ነው፤ ጉልበት ይከተላል። እስከ ሦስት እየቆጠሩ መውረድ፣ መቀመጫው ወንበሩን ሲነካ ሳይደገፉ መነሳት። ሲወርዱ አየር ይሳባል፣ ሲነሱ ይወጣል። ትንፋሽ አፍኖ መነሳት የደም ግፊትን ለቅጽበት ከፍ ያደርጋል፤ ግፊት ላለበት ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ተረከዝ ከወለሉ ከተነሳ ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፈም ማለት ነው፤ ወንበሩን ትራስ ጨምሮ ከፍ ማድረግ ያቃልለዋል። ጉልበቶች ወደ ውስጥ ከተጠጋጉ የዳሌ ጡንቻ ደክሟል፤ ዙሩ እዚያ ላይ ያበቃል፣ ስምንትም ባይሞላ።

መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ብዙም አይጎዳም። ልኩ «ሁለት ወይም ሦስት ልጨምር እችል ነበር» የሚባልበት ቦታ ነው። እስከ መንቀጥቀጥ ድረስ መግፋት ለጀማሪ የሚጨምርለት ጥቂት ነው፤ የሚያስከፍለው ግን የሚቀጥለውን ልምምድ ነው። በሁለት ተከታታይ ልምምድ 12 ጊዜ ያለ ችግር ከተሠራ፣ ባለ 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ደረት ላይ ታቅፎ እንደገና ከስምንት መጀመር። አምስት ኪሎ ጭማሪ ማለት ነው።

ከልምምድ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ የጡንቻ ቁርጥማት የተለመደ ነው። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ጡንቻው አብጦ አላንቀሳቅስ ካለ ግን የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን እያስቸገረ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ይህ በአብዛኛው የሚያጋጥመው ለረጅም ጊዜ ቆሞ በአንድ ቀን «ልካካስ» ያለውን ሰው ነው። በእንቅስቃሴ ወቅት የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት፣ እንዲሁም በኢንሱሊን ላይ ያለ ሰው ሲሠራ ስኳሩ የመውረዱ ጉዳይ፣ ከመጀመር በፊት ከሐኪም ጋር የሚነሱ ናቸው።

እንቅልፍ የተነፈገ ሰው ምን ይቀንሳል?

በ2010 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት ትልቅ ነገር አሳይቷል። ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው አሥር ሰዎች ምግባቸው ተቀንሶ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 14 ቀን፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆዩ። በአንዱ ዙር በሌሊት 8.5 ሰዓት፣ በሌላው 5.5 ሰዓት የመተኛት ዕድል ተሰጣቸው። በሁለቱም ዙር የወረደው ክብደት 3 ኪሎ ያህል፣ ተመሳሳይ ነበር። ልዩነቱ ከሚዛኑ ሥር ነው፦ በደንብ በተኙበት ዙር 1.4 ኪሎ ስብ ሲጠፋ፣ እንቅልፍ ባጡበት ዙር የጠፋው 0.6 ብቻ ነበር፤ የቀረው ስብ ያልሆነው ነው። ሚዛን ላይ ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ዙር መለየት አይችልም።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ኢስራ ታሳሊ ከባልደረቦቿ ጋር በ2022 ጥያቄውን ገልብጣ አየችው። በሌሊት ከ6.5 ሰዓት በታች የሚተኙ 80 ሰዎች በየቤታቸው ሆነው ከፊሎቹ እንቅልፋቸውን እንዲያረዝሙ ምክር ተሰጣቸው። በአማካይ 1.2 ሰዓት ጨመሩ። ስለ ምግብ ማንም ምንም ሳይነግራቸው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የሚመገቡት በቀን በ270 ኪሎ ካሎሪ ያህል ቀነሰ። ይህ መጀመሪያ ላይ ካሰላነው የ45 ደቂቃ ጉዞ የተጣራ ወጪ ይበልጣል። ስለዚህ ለመሮጥ ብሎ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚነሳ፣ ግን እኩለ ሌሊት የሚተኛ ሰው በአንድ እጁ የሰበሰበውን በሌላው ይበትነዋል። እንዲህ ያለ ሰው ማንቂያውን በአንድ ሰዓት ቢያዘገይ ይሻለዋል።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። እንቅልፍ የሚስተካከለው ከመኝታው ሰዓት ይልቅ ከመነሻው ሰዓት ተይዞ ነው፤ ዕረፍት ቀንም ቢሆን መነሻው ከአንድ ሰዓት በላይ ባይዛነፍ ጥሩ ነው። ቡና ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት የተጠጣው ቡና ግማሹ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገና ሥራ ላይ ነው። ማታ ስፖርት መሥራት እንቅልፍ ይከለክላል የሚለው የተጋነነ ነው፤ ጠንካራው ልምምድ ከመኝታ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ካለቀ አብዛኛውን ሰው አያውክም። ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ መሃል ላይ ቆም የሚልና ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ግን ችግሩ የልማድ ላይሆን ይችላል፤ በእንቅልፍ ውስጥ የአየር ቧንቧ መዘጋት ሕክምና አለው።

መጥፎ ሌሊት ያሳለፈ ሰው በማግስቱ ከባዱን ልምምድ በእግር ጉዞ ይቀይረው። በየአራትና አምስት ሳምንቱ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ዙሮቹን በግማሽ መቀነስ ይበጃል። ጠዋት የልብ ምት ከተለመደው በላይ ለቀናት ከፍ ካለ፣ ትናንት የቀለለው ጀሪካን ዛሬ ከከበደ፣ እንቅልፍም ከተረበሸ፣ ያ ሳምንት ቀድሞ መጥቷል።

ሚዛኑን ማንበብ

ስፖርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚዛን ወደ ላይ ሊል ይችላል። ጡንቻ የሚያከማቸው እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን (ለኃይል የሚቀመጥ የስኳር ክምችት) ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይይዛል፤ የተቆረጣጠመ ጡንቻም ውኃ ያቁራል። ክብደት በአንድ ቀን ውስጥም አንድ ሁለት ኪሎ ይዋዥቃል። ስለዚህ ጠዋት ከመጸዳጃ በኋላ፣ ከምግብ በፊት ተመዝኖ የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ማነጻጸር ነው የሚሻለው። ሴቶች ከወር አበባ ዑደታቸው ተመሳሳይ ቀን ጋር ቢያነጻጽሩ ከብዙ ጭንቀት ይድናሉ። ወገብ የሚለካው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ አየር ቀስ ብሎ ከወጣ በኋላ ነው። ስብ ከሆድ ዕቃ ዙሪያ እየቀነሰ ሚዛን ላይ ምንም ሳይታይ ሊቆይ ስለሚችል ሜትሩ አንዳንዴ ከሚዛኑ ቀድሞ ይናገራል።

ሪና ዊንግና ባልደረቦቿ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ክብደት ቀንሰው የጨረሱ 314 ሰዎችን ይዘው ለከፊሎቹ የራሳቸውን ሚዛን እንደ ትራፊክ መብራት እንዲያነቡ አስተማሩ፤ 2.3 ኪሎ ከተመለሰ ቀይ በራ ማለት ነው፣ ወዲያው እርምጃ ይወሰዳል። ከ18 ወራት በኋላ ያልሠለጠኑት ሰዎች 72 በመቶው ያን መስመር አልፈው ሲገኙ፣ በአካል ከተማሩት ያለፉት 46 በመቶ ነበሩ። ሁለት ኪሎ መመለስ ቀላል ነው፤ አሥር ሲሆን ሌላ ፕሮጀክት ነው።

ሕመም፣ ጉዞ፣ የሥራ ጫና መምጣታቸው ስለማይቀር ዕቅዱ ለመጥፎው ሳምንት የሚሆን ትንሽ መልክ ቀድሞ ይኑረው፦ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በኋላ የ10 ደቂቃ ጉዞ፣ በሳምንት አንዴ አምስቱን እንቅስቃሴዎች አንድ ዙር ብቻ። የተገነባ ጥንካሬን ለማቆየት የሚያስፈልገው ለመገንባት ካስፈለገው በጣም ያነሰ ስለሆነ ይህ ለጥቂት ሳምንታት ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ሁለት ሳምንት የቆመ ሰው ደግሞ በተወበት ጭነት አይመለስም፤ ጀሪካኑን አስቀምጦ በአንድ ዙር ይጀምራል፣ በሁለተኛው ሳምንት ዙሩን ይመልሳል፣ በሦስተኛው ጀሪካኑን ያነሳል።